ስድስት ሜዳሊያ፣ አንድ ርቀት

በ2025 አካል ጉዳት ያለባቸው ታዳጊ ስፖርተኞች በሦስት አህጉራት ተሰባስበው ተወዳድረዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ኢስታንቡል የአውሮፓን ታዳጊዎች ተቀበለች። ከዚያ የቺሊዋ ሳንቲያጎ የሰሜንና የደቡብ አሜሪካን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ዱባይ የእስያን ታዳጊዎች አስተናገደች። ዱባይ ላይ ብቻ ከ30 በላይ አገሮች ልጆቻቸውን አሰልፈዋል። ሯጮች፣ ዋናተኞች፣ በዊልቸር ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ፣ ዓይናቸውን ሸፍነው ጎልቦል የሚወረውሩ ልጆች ነበሩ። አፍሪካ በዚያ ዓመትም ሆነ ከዚያ በፊት፣ በየተወሰነ ዓመት የሚመላለስ እንዲህ ያለ የታዳጊዎች ውድድር አልነበራትም።

ይህን ክፍተት እንደ አንድ የጎደለ ዝግጅት ብቻ ማየት አይገባም። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ስፖርተኛ ይሁን አይሁን የሚወሰነው ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ሳይሆን ገና አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ ነው። በዚያ ዕድሜው የሚመዘግበው መምህር፣ የጉዳቱን ዓይነትና መጠን አይቶ የሚመድበው ባለሙያና የሚወዳደርበት ሜዳ ካላገኘ ችሎታው ማንም ሳያየው ይቀራል። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች የሚያኮሩ ናቸው። በጥሞና ለመረመራቸው ግን ስለ ልጆቻችን የሚናገሩት ሌላም ነገር አላቸው።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት የፓራሊምፒክን አነሳስ ማስታወስ ይጠቅማል። እንቅስቃሴውን የጀመሩት በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ሕክምና ክፍልን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። በ1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በጦርነት ተጎድተው በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ 16 የቀድሞ ወታደሮችን ቀስት አወዳደሩ። በ1960 ሮም ላይ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተካሄደ። እነዚያ ወታደሮች ከመጎዳታቸው በፊት ሮጠዋል፣ ኳስ ተጫውተዋል፣ አሠልጣኝ አይተዋል፤ ስፖርቱ ለእነሱ የሚያውቁትን መልሶ ማግኘት ነበር። ከእናቱ ማኅፀን ያለ እጅ የተወለደ ወይም በአራት ዓመቱ ዓይኑን ያጣ ልጅ ግን መልሶ የሚያገኘው ነገር የለውም፤ ከመጀመሪያው የሚያስጀምረው ሰው ያስፈልገዋል። ለአዋቂዎች የተሠራው ሥርዓት ይህን ልጅ ለማየት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ አገሮች በ2005 በቬኔዝዌላዋ ባርኪሲሜቶ የመጀመሪያውን የታዳጊዎች ፓራ ፓን አሜሪካን ጨዋታ አደረጉ። እስያ በ2009 ቶኪዮ ላይ ተከተለች፤ ከዚያ ኩዋላ ላምፑር፣ ዱባይ፣ ማናማ፣ እንደገና ዱባይ እያለ ቀጠለ። አውሮፓ በ2011 በቼክ ሪፐብሊኳ ብርኖ ጀመረች። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ2010 ጀምሮ የታዳጊዎች ኦሊምፒክ ሲያካሂድ፣ የታዳጊዎች ፓራሊምፒክ የሚባል ዓለም አቀፍ ጨዋታ ግን እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ ለአብዛኛው አካል ጉዳተኛ ታዳጊ አህጉራዊው ጨዋታ ዋናው መድረክ ነው። አህጉሩ ካላዘጋጀለት ከአገሩ ውድድር በቀጥታ ወደ አዋቂዎች ይጣላል፤ የአገር ውስጥ ውድድር ከነበረ ማለት ነው።

አፍሪካ ለአዋቂዎቹ እንኳ ራሱን የቻለ አህጉራዊ ፓራ ጨዋታ ያዘጋጀችው በ2023 አክራ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ጎን የሚካሄዱ ጥቂት ውድድሮች ነበሩ። የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ አገሮች የልጆቻቸውን ጨዋታ ከጀመሩ አሥራ ስምንት ዓመት በኋላ እኛ የአዋቂዎቹን ጀመርን።

የእነዚህ የታዳጊ ጨዋታዎች ትልቁ ጥቅም ሜዳሊያው አይመስለኝም። ተመልካች የማያየው፣ ቴሌቪዥን የማያስተላልፈው፣ ከውድድሩ ቀን አስቀድሞ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ሥራ አለ፤ ምደባ ይባላል። በፓራ ስፖርት ማንም ሰው «አካል ጉዳተኛ ነኝ» ብሎ ብቻ አይወዳደርም። ጉዳቱ በስፖርቱ ከተፈቀዱት ዓይነቶች መግባቱ፣ የተቀመጠውን ዝቅተኛ መጠን ማለፉና ከየትኛው መደብ እንደሚመደብ መረጋገጥ አለበት። በሩጫ ቁጥሮቹ ይህን ይነግሩናል። ከ11 እስከ 13 የማየት ችግር ያለባቸው፣ 20 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ከ35 እስከ 38 እንደ ሴሬብራል ፓልሲ ያለ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ያለባቸው ናቸው። ከ45 እስከ 47 የእጅ ጉዳት፣ ከ51 እስከ 54 በዊልቸር የሚወዳደሩ፣ ከ61 እስከ 64 በሰው ሠራሽ እግር የሚሮጡ ይገኙባቸዋል።

እስቲ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ወደዚያ ክፍል ስትገባ እናስብ። የማየት ችግር ያለባት ከሆነች ከአገሯ የዓይን ሐኪም የተሞላ፣ የበሽታውን ስም የሚገልጽ፣ ጊዜው ያላለፈበት የሕክምና ማስረጃ ይዛ መምጣት አለባት። መዳቢዎቹ የማየት አቅሟን በገበታ ይለካሉ፣ የእይታዋን ስፋት ይመረምራሉ። ጉዳቷ የእንቅስቃሴ ከሆነ ጡንቻዎቿ ምን ያህል እንደሚጠነክሩ፣ መገጣጠሚያዋ እስከ የት እንደሚታጠፍ፣ ስትራመድና ስትወረውር ሰውነቷ እንዴት እንደሚታዘዝላት ያያሉ። ከዚያ በውድድር ላይ እንደገና ይመለከቷታል። ገና እያደገች ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት መደብ የመጨረሻ አይሆንም፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ትታያለች። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፣ መዝገቡም ልጅቷን ተከትሎ ለዓመታት ይሄዳል።

ይህ በአሥራ አራት ዓመቷ ሲደረግና በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ለፓራሊምፒክ ሚኒማ ማሟያ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ሲደረግ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዘግይቶ የሚመደብ ስፖርተኛ ለዓመታት ከሠለጠነበት ርቀት ውጭ ባለ መደብ ሊመደብ ይችላል። ጉዳቱ ዝቅተኛውን መጠን አያሟላም ተብሎ ውድድሩን ሳይጀምር ሻንጣውን ሊሸክምም ይችላል። የእሱ መደብ በዚያ ጨዋታ የሚወዳደርበት ርቀት የሌለው ሆኖ መገኘትም አለ፤ በፓራሊምፒክ እያንዳንዱ ርቀት ለሁሉም መደብ አይሰጥምና። ታዳጊ ጨዋታ ላይ የተመደበ ልጅ ይህን ቀድሞ ያውቃል፤ አሠልጣኙም በየትኛው ርቀት ላይ እንደሚሠራ ይወስናል። ለዚህ ነው የታዳጊዎች ፓራ ጨዋታ ከሁሉ በፊት የምዝገባና የመንገድ መክፈቻ ቦታ ነው የምለው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1968 ቴል አቪቭ ላይ፣ በሁለት ስፖርተኞች ነው። የመጀመሪያውን ሜዳሊያ ለማግኘት ግን እስከ ለንደን 2012 መጠበቅ ነበረባት፤ ወንድዬ ፍቅሬ የእጅ ጉዳት ባለባቸው ሯጮች የ1500 ሜትር ፍጻሜ ብር አመጣ። በሪዮ 2016 ታምሩ ደምሴ በከፊል ማየት በሚችሉ ሯጮች 1500 ሜትር ብር ደገመ። በኮሮና ምክንያት በ2021 የተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ደግሞ የትዕግሥት ገዛኸኝ ነበር፤ በ1500 ሜትር የአገሪቱን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አጠለቀች። በፓሪስ 2024 ትዕግሥት ወርቋን ደገመች። ያየሽ ጌቴ ሙሉ በሙሉ ማየት በማይችሉ ሴቶች 1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ወሰደች፤ ይታያል ስለሺ በተመሳሳይ መደብ በወንዶች 1500 ሜትር ብር አገኘ።

ስድስት ሜዳሊያ፤ ሦስት ወርቅና ሦስት ብር። ስድስቱም በ1500 ሜትር።

የያየሽን ድል ያየ ሰው መሪ ሯጭዋ ከጎኗ ሆኖ፣ እጃቸው በአጭር ገመድ ተያይዞ፣ እግራቸው በአንድ ላይ እየተነሳ እየወደቀ ሲዞሩ መደነቁ አይቀርም። እኔም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሆኖም የእነዚህን ስድስት ሜዳሊያዎች ባለቤቶች ሰብስበን ብናያቸው አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ሁሉም በሁለት እግራቸው የሚሮጡ ናቸው። አምስቱ የተገኙት የማየት ችግር ባለባቸው፣ አንዱ የእጅ ጉዳት ባለበት ሯጭ ነው። በዊልቸር የሚወዳደር የለም። በሰው ሠራሽ እግር የሚሮጥ፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት፣ የሚዋኝ፣ ብረት የሚያነሳ፣ የሚወረውር የለም።

ምክንያቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። መካከለኛና ረጅም ርቀት ሩጫ በአገራችን አሠልጣኝ፣ ክለብ፣ ልምድና አርአያ ያለው ስፖርት ነው። እጁ የተጎዳ ወይም በከፊል የሚያይ ልጅ ከሌሎች ጋር እየሮጠ አቅሙን ሊያሳይ ይችላል፤ ከጫማ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። በሌላ አነጋገር ሜዳሊያ ያመጡልን ለእነሱ ተብሎ ያልተሠራ ሥርዓት ውስጥ በራሳቸው ጥረትና በጥቂት ቅን አሠልጣኞች ድጋፍ ሾልከው የገቡ ናቸው። ሁለቱም እግሩ የማይንቀሳቀስ ልጅ ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። የሩጫ ዊልቸር በሰውነት ልክ የሚሠራ፣ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ዕቃ ነው፤ ልጅ ሲያድግ ይጠበዋል፣ ሌላ ይፈልጋል። ሰው ሠራሽ እግርም እንዲሁ፣ የልጁ አጥንት ባደገ ቁጥር እንደገና መለካትና መሠራት አለበት። ብዙ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸውን ተራ ዊልቸር እንኳ ባላገኙበት ሁኔታ ይህ ሩቅ ምኞት ሊመስል ይችላል።

ነገር ግን ሁሉም ፓራ ስፖርት ውድ አይደለም፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ጎልቦልን እንውሰድ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ማገገሚያ የተፈጠረ ጨዋታ ነው። ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው፤ በየቡድኑ ሦስት ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሱ ውስጥ ቃጭል አለ። መስመሮቹ የሚሰመሩት ወለሉ ላይ ገመድ ዘርግቶ በላዩ ላይ ፕላስተር በመለጠፍ ነው፤ ተጫዋቹ በጣቱና በእግሩ እየዳሰሰ የት እንደቆመ ያውቃል። ሁሉም ተጫዋች ብርሃን የማያስገባ መሸፈኛ ስለሚያደርግ ጨርሶ የማታየውና በከፊል የምታየው ልጅ እኩል ይሆናሉ። አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ተመልካች እንኳ ኳሱ በጨዋታ ላይ እያለ አይጮህም፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚጫወቱት በጆሯቸው ነው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በሚማሩበት በማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ንጹሕ ወለል ያለው አዳራሽ ካለ፣ ገመድና ፕላስተር ተገዝቶ አንድ ሁለት ኳስ ከተገኘ ይህን ማስጀመር ይቻላል።

ቦቻ ደግሞ የሰውነት እንቅስቃሴያቸው በእጅጉ ለተገደበ፣ በተለይ ከባድ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ነው። ተጫዋቹ ኳሱን ወደ አንዲት ነጭ ኳስ አስጠግቶ ማሳረፍ አለበት። በእጁ መወርወር የማይችል ልጅ ኳሱን በተዳፋት መንሸራተቻ ላይ ለቆ ይጫወታል፤ መንሸራተቻውን የሚያስተካክልለት ረዳት ፊቱን ወደ ልጁ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ዞሮ ማየት አይፈቀድለትም። ውሳኔው ሙሉ በሙሉ የልጁ ነው። በሕይወቱ ሁሉ ሌሎች ስለ እሱ የሚወስኑለት ልጅ እዚህ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ከፍ» እያለ ያዛል። እንዲህ ያለ መንሸራተቻ አንድ ጎበዝ አናጺ ለልምምድ የሚሆን አድርጎ ሊሠራው ይችላል። ተጋድሞ ብረት ማንሳትም አለ፤ ናይጄሪያና ግብፅ እግራቸው በተጎዳ ስፖርተኞች በዚህ ስፖርት በዓለም ላይ ስማቸውን ተክለዋል፤ የሚፈልገው አግዳሚ ወንበር፣ ብረትና አሠልጣኝ ነው። ስለዚህ የገንዘብ እጦት እውነት ቢሆንም ለሁሉም ነገር መልስ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

ማነጻጸሪያ ካስፈለገን ብራዚልን ማየት ይበጃል። ብራዚል በሲድኒ 2000 ፓራሊምፒክ በሜዳሊያ ሠንጠረዥ 24ኛ ነበረች። በፓሪስ 2024 በ25 ወርቅና በአጠቃላይ 89 ሜዳሊያ አምስተኛ ሆናለች። ይታያል ስለሺ ብር ባገኘበት ፍጻሜ ወርቁን የወሰደው ብራዚላዊው የልትሲን ዣክ ነው። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ይህ እንዴት መጣ?

አንደኛው መልስ ገንዘብ ነው፤ ግን እንዴት እንደተገኘ ማየት ይገባል። ብራዚል በ2001 ባወጣችው ሕግ ከሎተሪ ጠቅላላ ሽያጭ 2 በመቶው ለኦሊምፒክና ለፓራሊምፒክ ኮሚቴዎች እንዲሰጥ ወሰነች፤ ከዚያም 15 በመቶው የፓራሊምፒኩ ድርሻ ሆነ። በ2015 የአካል ጉዳተኞችን መብት ያሰፋው ሕግ ጠቅላላውን ወደ 2.7 በመቶ፣ የፓራሊምፒኩን ድርሻ ወደ 37.04 በመቶ አሳደገው። ሲሰላ ከእያንዳንዱ 1000 ሬያል የሎተሪ ሽያጭ ለፓራሊምፒክ የሚደርሰው ከ3 ሬያል ወደ 10 ሬያል አደገ ማለት ነው። የበጎ አድራጊ ደጅ የማያስጠና፣ የባለሥልጣን መለወጥ የማያናጋው፣ በቋሚነት የሚገባ ገንዘብ ሆነ።

ሁለተኛው መልስ የበለጠ ይገርመኛል። ገንዘቡ በሙሉ ወደ ታዋቂዎቹ አልሄደም። ብራዚል ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የትምህርት ቤቶች ፓራሊምፒክ ስታካሂድ ኖራለች። ከየክልሉ የተመረጡ፣ ገና አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ጨምሮ፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ሳኦ ፓውሎ ላይ ይገናኛሉ። በ100 ሜትር በሪዮ፣ በቶኪዮና በፓሪስ በተከታታይ ወርቅ ያገኘው ፔትሩሲዮ ፌሬይራ ያለፈው በዚያ ውድድር ነው። ገና ሕፃን ሳለ ግራ እጁን የከብት መኖ መቁረጫ ማሽን የቆረጠው የገጠር ልጅ ነበር። ያለ እጅና በአጫጭር እግሮች የተወለደውን ዋናተኛ ጋብሪኤል አራውጆን ወደ ውሃው የመራው የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ነው፤ ለተማሪዎች ውድድር አስመዘገበው። ጋብሪኤል በፓሪስ ሦስት ወርቅ አገኘ።

ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በ2016 የተከፈተው የፓራሊምፒክ ማሠልጠኛ ማዕከል በቀጣዩ ዓመት የታዳጊዎች ፓራ ፓን አሜሪካን ጨዋታን አስተናገደ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናትና ታዳጊዎች በነጻ የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ከፈተ። የሕንጻው ትልቅነት ብዙ ተወርቶለታል። እኔ ግን የበለጠ የማከብረው የብራዚል ፓራሊምፒክ ኮሚቴ ለመደበኛ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህራን የፓራ ስፖርት ሥልጠና መስጠቱን ነው። በየመንደሩ ያለው መምህር «አንተ ተቀመጥ፣ ዕቃ ጠብቅ» ማለቱን ትቶ «አንተ ደግሞ ይህን ትጫወታለህ» ማለት እንዲችል የሚያደርገው ይህ ነው።

የመምህር ዓይን ምን እንደሚሠራ ኢትዮጵያ ከማንም ተምራ አይደለም የምታውቀው። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለን፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አይተው አሠልጥነዋል። ያንን ታሪክ ሁላችንም በኩራት እንተርካለን። በዚያው በቆጂ፣ በዚያው ዘመን፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሜዳው ዳር የሚያይ ልጅ ነበር ወይ ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ክፍል ውስጥ ይቀራል ወይም የጓደኞቹን ደብተርና ሹራብ ይጠብቃል። ይህ በአገራችን ለትምህርት ቤት የቀረበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እውነት ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ አካል ጉዳተኛ ልጆች በትምህርት ቤት ሥርዓት ውስጥ ጭምር በጨዋታና በስፖርት ከሌሎች እኩል እንዲሳተፉ ያዛል። ያ ልጅ ሹራብ እየጠበቀ ባለበት ክፍለ ጊዜ ሁሉ ይህ ሕግ እየተጣሰ ነው።

አፍሪካ የራሷን የታዳጊዎች ፓራ ጨዋታ መጀመር አለባት የሚለው ሐሳቤ የጸና ነው። እስኪጀመር ድረስ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ሌላ መንገድም አለ። በ2023 ትሪኒዳድና ቶቤጎ ላይ የተካሄደው የኮመንዌልዝ ታዳጊዎች ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓራ አትሌቲክስን በፕሮግራሙ አካትቷል። በ2022 ኖርማንዲ ላይ በተካሄደው የዓለም ተማሪዎች ጨዋታ ጂምናዚያድም ፓራ ሩጫና ፓራ ዋና ነበሩ። ከሁሉ የሚቀርበን የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የታዳጊዎች ጨዋታ ነው፤ አካል ጉዳተኛ ታዳጊዎች በዚያ ከሌሎች ጋር በአንድ ቡድን ልብስ፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ይወዳደራሉ። ይህ መንገድ አዲስ ስታዲየም፣ አዲስ የመክፈቻ በዓል፣ አዲስ ኮሚቴ አይጠይቅም። ባለው ውድድር ላይ ርቀት መጨመር ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ይህን ማድረግ የሚያቅታቸው ምንም ምክንያት አይታየኝም።

መቀላቀሉ የራሱ ድክመት አለው። በመደበኛ ጨዋታ ውስጥ የሚገቡት ብዙውን ጊዜ ሩጫና ዋና ብቻ ናቸው፤ ጎልቦልና ቦቻ የሚጫወቱት፣ ማለትም ጉዳታቸው የከበደው ልጆች፣ እንደገና ውጭ ይቀራሉ። መስማት የተሳናቸው ታዳጊዎች ደግሞ በሁለቱም ውስጥ የሉም፤ የእነሱ ዓለም አቀፍ መድረክ ከ1924 ጀምሮ የተለየ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ሰፊ በር ከፍቷል፤ ነገር ግን ስፔሻል ኦሊምፒክስንና ፓራሊምፒክን አንድ አድርጎ የሚያይ ባለሥልጣን ብዙ ጊዜ አንዱን ደግፎ ሌላውን የደገፈ ይመስለዋል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ሜዳሊያ ገንዘብና ዝና ሲያመጣ ሰዎች ምደባውን ለማጭበርበር ይፈተናሉ። በሲድኒ 2000 የስፔን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ተጫዋቾች የቅርጫት ኳስ ቡድን ወርቅ ካገኘ በኋላ ከ12ቱ ተጫዋቾች 10ሩ ምንም ጉዳት የሌለባቸው መሆናቸው ተጋለጠ። ቅጣቱ የወረደው በንጹሐኑ ላይ ነው፤ እነዚያ ውድድሮች እስከ ለንደን 2012 ድረስ ከፓራሊምፒክ ወጡ። በልጆች ላይ ሲሆን አደጋው ይብሳል። አንድን ልጅ ከሆነው በላይ ተጎድቶ እንዲታይ የሚያስተምር አዋቂ የልጁን ውጤት ብቻ ሳይሆን ልጁ ስለ ራሱ ያለውን እምነት ያበላሻል። የሠለጠኑና ገለልተኛ የሆኑ መዳቢዎችን ከአሁኑ ማፍራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከሐኪሞቻችን፣ ከፊዚዮቴራፒስቶቻችንና ከዓይን ባለሙያዎቻችን መካከል ይህን ሥልጠና ወስደው አገራቸውንና አህጉሩን የሚያገለግሉ ቢኖሩ አንድ ልጅ ለመመደብ ብቻ ባሕር ተሻግሮ መሄድ አይኖርበትም።

በጥቅምት መጨረሻ 2026 ይጀመራል ተብሎ የተያዘው የዳካር የታዳጊዎች ኦሊምፒክ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ውድድር ነው። አህጉሩ ስለ ታዳጊዎቹ በአንድ ድምፅ የሚናገርበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በቅርብ አይደገምም። የአፍሪካ ፓራሊምፒክ ኮሚቴና የየአገሩ ኮሚቴዎች የታዳጊዎች ፓራ ጨዋታን ጥያቄ ይዘው መቅረብ ያለባቸው አሁን ነው።

እኛስ? የኢትዮጵያ ፓራሊምፒክ ኮሚቴ፣ ትምህርት ሚኒስቴርና የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የተማሪዎች ውድድር ሲዘጋጅ ፓራ ርቀቶች እንዲገቡ ይወስኑ። ከብሔራዊ ሎተሪ ሽያጭ ጥቂት እንኳ ለእነዚህ ልጆች በሕግ የሚመደብበት መንገድ ይጠና። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የስፖርት ትምህርት ክፍሎች አካል ጉዳተኛ ተማሪን እንዴት ማሠራት እንደሚቻል ሳያስተምሩ አያስመርቁ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወገኖቻችን ለአገር ቤት ትምህርት ቤት ዕቃ ስትልኩ ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ባለ ቃጭል ኳስ ጨምሩ።

የስፖርት መምህራን፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። የዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችሁ የሩጫ ቀን ሲደርስ ክፍል ውስጥ የቀረውን ልጅ ስሙን ጠርታችሁ ወደ ሜዳው አውጡት፤ መነሻና መድረሻ አስምሩለት፣ ሰዓት ያዙለት፣ ውጤቱንም ከሌሎቹ ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ጻፉለት።